የመምህሩ ካናቴራ

መምህሩ የተገኘው አልጋው ላይ አልነበረም። በአልጋውና በመጽሐፍ መደርደሪያው መካከል ወለሉ ላይ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ በጎኑ ተጋድሞ ነበር። አፉ ዙሪያ አረፋ ደርቋል። የለበሰው ሁሉ በላብ ርሷል። የዓይኑ ብሌኖች ጠበው ጠበው የመርፌ ቀዳዳ አክለዋል። በከብት መዥገር ማጥፊያ የተመረዘ ሰው አይቶ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ምልክት አይስተውም። የጣቢያው አዛዥም አልሳተውም። ስለዚህ ረፋዱ ሳይደርስ ሥራውን ጨርሶ፣ የሟችን ሚስት በካቴና አስሮ፣ ሻይ አዝዞ ተቀምጧል።

መርማሪዋ የደረሰችው ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ነው። ሰው ሁሉ «ወንፊት» ይላታል። የሚነገራትን ሁሉ ነፍታ ጠጠሩን ይዛ ስለምትቀር የወጣላት ስም ነው። ቁጣዋም የታወቀ ነውና አዛዡ ስትገባ ሲያያት ብርጭቆውን ወደ ራሱ ሳብ አደረገው።

«በምን አሰርካት?» አለችው።

«በእራት። ሾርባውን የሠራችው እሷ፣ ያቀረበችው እሷ። የሟች ታላቅ እህት እዚያው አብራቸው ነው የምትኖረው፤ ‹ወንድሜን በላችብኝ› ብላ ጮኸች። ታዲያ ማንን ልሰር? ድስቱን?»

«ሚስትየዋ ከሾርባው አልበላችም?»

«በልቻለሁ ትላለች።»

«እህትየዋስ?»

«እሷ የወንድሟን ሚስት እጅ ከቀመሰች ቆይታለች። ተኳርፈዋል።»

«እንግዲህ ከሾርባው የበላችው ደህና ነች፣ ያልበላችው መሰከረች፣ አንተም አሰርክ።»

አዛዡ ሻዩን ፉት አለ። «ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት አቀርባታለሁ። ቀብሩም ነገ ነው። እህትየዋ የሚስትየዋ እግር እዚያ እንዳይደርስ ብላለች፤ እኔም ገዳይ አጅቤ ቀብር አልሄድም።»

ወንፊት ወደ መተላለፊያው ወጣች። ሞት አይታ ታውቃለች፤ ክፋትም እንደዚሁ። ደሟን የሚያፈላው ግን ስንፍና ነው። አንዲት ሴት ባሏን ሳትቀብር ልትቀር የሆነው አዛዡ ለሻዩ ስለቸኮለ ነበር።

ሚስቲቱ መተላለፊያው ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። ጥርሷን ነክሳ ግድግዳውን ታያለች።

«እኔን ተይኝ» አለች ወንፊት ገና ሳትጠይቃት። «እትዬን ሐኪም ይይልኝ። ዓይናቸው እንደሱ ሆኗል።»

«እንደ ማን?»

«እንደ ባለቤቴ። ጠዋት ሳገኘው ብሌኑ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ቅድም እትዬ ፊቴ ላይ ሲጮሁ የሳቸውም እንደዚያው ጠቦ አየሁት። ምራቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸዋል። ለቅሶ እንዲህ አያደርግም።»

«ያሳሰሩሽ እኮ እሳቸው ናቸው።»

«አውቃለሁ። ለሱ ሌላ ቀን አለኝ።»

ወንፊት አጠገቧ ተቀመጠች። «ለብቻው ክፍል ይተኛ ነበር አሉ። ለምን?»

የሴትየዋ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ተለወጠ። «ታንኮራፊያለሽ ብሎ ነዋ። ስንት ዘመን አብሮኝ ሲተኛ ሰምቶኝ የማያውቅ ሰው፣ ከመስክ ጉዞ በተመለሰ ማግስት ማንኮራፋቴ ታወቀው። እጄ ሲነካው እንኳ ይሸሽ ነበር። ሌላ ሴት ይዟል ብዬ አንጀቴ እያረረ ዝም አልኩ።»

«የተጣላው ሰው ነበር?»

«በቅርቡ ከሥራ ተናዶ መጣ። ‹ከኔ አፍ ከሚሰማ ራሱ ይናገር ብዬ ለአንድ ሰው ቀን ሰጥቻለሁ› አለኝ። ማን እንደሆነ ብጠይቀው አልነግርሽም አለ። የሰው ገመና አያወጣም። የራሱንም ቢሆን።»

የሟች እህት መምህሩ በሞተበት ክፍል ደጃፍ ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። ወፍራም፣ ግርማ ያላቸው ሴት ናቸው። አንድ ነጭ ካናቴራ ጨብጠው እንባቸውንም አፍንጫቸውንም በሱ ይጠርጋሉ። ግንባራቸው ላብ አቸፍችፏል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል።

«ይሄ ካናቴራ የማን ነው፣ እማማ?»

«የወንድሜ ነው እንጂ የማን ይሆናል? ጠዋት በላብ ርሶ፣ እንዲህ ሆኖ ሰው አያየውም ብዬ ደረቅ ቀየርኩለት።»

«ከዚያ ወዲህ ከእጅዎ አልተለየም?»

«ሌላ ምን ልያዝ? ምን አስቀረችልኝ?»

«ከፖሊስ በፊት ማን መጣ?»

«ረዳቱ። ልጄ በዪው እሱን! ስልክ ብደውልለት ከላቦራቶሪው በሩጫ ደረሰ። ጓንቱን እንኳ አላወለቀም። እያለቀሰ አልጋውን አነጠፈልኝ፣ ክፍሉን አስተካከለልኝ። ያቺ ነፍሰ ገዳይ ግን ቆማ ታያለች።»

«ወንድምዎ ሌሊት እንቅልፍ ያስቸግራቸው ነበር?»

«እሱ? ከልጅነቱ እንደ ድንጋይ ነው የሚተኛው።»

ወንፊት እጇን በላስቲክ ከረጢት ሸፍና ካናቴራውን ከእጃቸው ወሰደችው። እሳቸው ሊጮሁ አፋቸውን ከፈቱ፤ ጉልበት ግን አልነበራቸውም። ካናቴራው ከወደ ጀርባው ቢጫ ቅባት ጠጥቷል። የሚሸተው ክብሪት ተጭሮ ሲጠፋ የሚሸተውን ነው፤ ድኝ። ከሥሩ ሌላ ሽታ ነበር፣ ቀጭን፣ ነዳጅ ነዳጅ የሚል። አሮጊቷን በመኪናዋ ወደ ሐኪም ቤት ስትልክ ለሐኪሙ አንድ ነገር አስጠነቀቀች። ያገኘውን ለሷ ብቻ እንዲነግራት፣ ለሴትየዋ ግን ደም ግፊት ነው እንዲላቸው።

ከዚያ ክፍሉን አየች። አልጋው በደንብ ተነጥፏል፤ የተነጠፈው አንሶላ ግን አዲስ ነው፣ የድሮው የለም። ከመደርደሪያው መጻሕፍት ኋላ፣ አቧራው መሃል፣ የብልቃጥ መቀመጫ የሚያክል ክብ የቅባት ምልክት ቀርቷል። ብልቃጡ የለም። ሰው ከሚስቱ ደብቆ ከመጻሕፍት ኋላ የሚያስቀምጠው ቅባት ምን ዓይነት ነው ብላ አሰበች።

ኮሌጁ ሩቅ አልነበረም። መምህሩ ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረው የእንስሳት ጥገኛ ተባዮችን ነው። ከላቦራቶሪው ግድግዳ ላይ በገዛ እጁ በትልልቁ የጻፈው ወረቀት ተሰቅሏል። ረዳት መምህሩ ከሥሩ ቆሟል። ጸጉሩ የተበጠረ፣ ነጭ ጋዋኑ የተተኮሰ፣ ሁለት እጁ ኪሱ ውስጥ።

«ይሄ ምን ይላል?» አለችው።

«መምህሬ ለጀማሪ ተማሪዎች የጻፉት ነው።» ድምፁ የሐዘንተኛ፣ ትዕግሥቱ ግን ጀማሪ ተማሪን የሚያስረዳ ሰው ነበር። «ኤክቶ ማለት ውጭ ማለት ነው። ኤክቶፓራሳይት ከሰውነት ውጭ፣ ቆዳ ላይ የሚኖር ጥገኛ ነው፤ መዥገር፣ ቅማል፣ ቁንጫ፣ የእከክ ተባይ። ኤክቶደርም የፅንስ የውጭው ንጣፍ ነው፤ ቆዳ ከሱ ይወጣል። ኤክቶተርም ሙቀቱን ከውጭ የሚያገኝ እንስሳ፣ እንደ እባብ። ኤክሶስኬሌተን ደግሞ ውጫዊ አጽም፣ እንደ ጢንዚዛ። ይከብድዎት ይሆናል።»

«ይከብደኛል። እኔ የማውቀው ሰው መመርመር ብቻ ነው። መምህርህ ታመው ነበር?»

«በፍጹም። ሌሊት እንቅልፍ ከማጣታቸው በቀር ፍጹም ጤነኛ ነበሩ።»

«ምን ገደላቸው ትላለህ?»

«የበሉት ነዋ። የመዥገር መድኃኒቱ ከዚህ መጋዘን ሊወጣ ይችላል። ቁልፉ የመጋዘን ጠባቂው እጅ ነው፣ ሚስታቸውም ወዲህ ይመላለሳሉ። እኔ ማንንም አልከስም።»

«ጨዋ ነህ» አለች ወንፊት። እጁ ከኪሱ አልወጣም።

መጋዘን ጠባቂው ጠርሙስ እየወለወለ ነበር። ሆዱ ትልቅ፣ ምላሱ ስለታም ሰው ነው።

«ሚስትየዋ? ሽታውን ስለማትወድ እዚህ ግቢ ረግጣ አታውቅም» አለ። «ውሃ ያልገባበትን መዥገር ማጥፊያ በቅርቡ የወሰደ እንደሆነ ረዳቱ ነው፣ ለተማሪዎች ማሳያ ብሎ። መልሷል። ጎድሏል፤ ለማሳያ ደግሞ ይጎድላል።»

«በመስክ ጉዞው አብረሃቸው ነበርክ?»

«ሹፌሩ እኔ አይደለሁ? ማረፊያ ቤቱ ያለው አንድ አልጋ ነበር። ብርድ ልብሱ ስንት ሰው እንዳሳደረ ፈጣሪ ይወቅ። መምህሩና ረዳቱ ተቃቅፈው አደሩበት፣ እኔ አልጋውን አይቼ መኪናውን መረጥኩ።» ሳቅ ብሎ ተወው። «ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ቢሮው ስገባ ጀርባውን በማስመሪያ ያካል። ‹እከክ የሰጠ ጥፍር አይነሳም፣ ጋሼ› ብዬ ቀለድኩበት። ሌላ ጊዜ ቀልድ ይወድ ነበር። ያን ቀን ግን ፊቱ ቀላ፣ በር ዝጋ አለኝ።»

«ለማን አወራኸው?»

«ኧረ ለማንም። ሰውዬው እኮ የእከክ መምህር ነው። በዚህ ላይ ማን ይቀልዳል?»

ወንፊት ከወጣች በኋላ ሴት ተማሪዎቹን ሰብስባ «ለመምህሩ አቤቱታ ያቀረበች አለች?» ብላ ጠየቀቻቸው። ሌሎቹ ሲወጡ ግን አንዷ ወደ ኋላ ቀረችና በሩን ዘጋች። እሷ የነገረቻትን ሰምታ ስትወጣ የወንፊት ከንፈር ነጭ ሆኖ ነበር። ወዲያው ሐኪሙ ደወለላት። የሟች ሆድ ውስጥ መርዝ የሚባል የለም፤ አሮጊቷ ግን በዚያው መርዝ ተመርዘዋል፣ ቀለል ባለ መጠን፣ በጊዜ ስለመጡ ይተርፋሉ።

አሮጊቷ ትንሽ ሲያገግሙ፣ በማግስቱ ጠዋት ከቀብሩ በፊት፣ ሁሉም ላቦራቶሪው ውስጥ ተሰበሰቡ። አዛዡ ሚስቲቱን በካቴና አምጥቶ ሰዓቱን እያየ ቆመ። አሮጊቷ ወንበር ተሰጣቸው፤ ፊታቸውን ከወንድማቸው ሚስት አዙረዋል። መጋዘን ጠባቂው መስኮቱን ተደግፏል። ረዳቱ ከግድግዳው ጽሑፍ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጧል።

ወንፊት የታጠፈ ነጭ ካናቴራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር አረጋግጡልኝ። ይሄ የመምህሩ ካናቴራ ነው? በእጃችሁ ያዙና ንገሩኝ።»

ሚስቲቱ በታሰረ እጇ አንስታ ፊቷን ቀበረችበት። «የሱ ነው» አለች። አሮጊቷ ከእጇ ነጠቋት፤ ደረታቸው ላይ ለጥፈው «የወንድሜ» አሉ። መጋዘን ጠባቂው ተቀብሎ አገላበጠውና ወደ ረዳቱ ዘረጋው።

ረዳቱ ተነሣ። በርጩማው ወደቀ።

«ከዚህ ሆኜ አውቀዋለሁ» አለ።

«በእጅህ ያዘው።»

«አልችልም። ስሜቴ አይፈቅድልኝም።»

«ትናንት የሟችን አልጋ ያነጠፍክ ሰው ካናቴራ መያዝ አቃተህ?» ወንፊት ካናቴራውን ተቀብላ ወደሱ ሄደች። እሱ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ወረቀቱ ከጀርባው ተቀደደ። ካናቴራው ደረቱን ሊነካ ሲል ሁለት እጁን ከኪሱ አውጥቶ ገፋው፤ ወዲያውም መዳፎቹን ጋዋኑ ላይ ደጋግሞ ጠረገ። ያን ጊዜ አንድ እጁን ይዛ ጣቶቹን ፈለቀቀቻቸው። በጣቶቹ መካከል ሊድኑ የተቃረቡ ቀጫጭን ቀያይ መስመሮች ነበሩ።

«አትንቀጥቀጥ» አለችው። «ይሄኛው ንጹሕ ነው። ትናንት ከቁም ሳጥናቸው ያወጣሁት ነው።»

ካናቴራውን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወደ አዛዡ ዞረች።

«አዛዥ፣ ስማኝ፣ ሁለተኛ አልነግርህምና። ከሾርባው የበላችው አልታመመችም። ሾርባውን ያልቀመሱት እማማ ግን እንደ ወንድማቸው ዓይናቸው ጠቦ፣ ምራቃቸው ፈስሶ፣ ለትንሽ ተረፉ። እማማ ያደረጉት ሌሎቻችሁ ያላደረጋችሁት ነገር አንድ ብቻ ነው። የሟችን ካናቴራ አውልቀው ጠዋቱን ሙሉ ፊታቸው ላይ ያዙ። ሁላችሁም ሆዱን ትፈልጋላችሁ፣ መርዙ ግን የገባው ከውጭ ነው። በቆዳ። ግድግዳው ላይ ይሄን ያህል አድርጎ ጽፎላችሁ።»

«ማን ቀባው?» አለ አዛዡ ድምፁን ቀንሶ።

«ራሱ። በገዛ እጁ፣ መድኃኒት ነው ብሎ። የእከክ መምህር እከክ ይዞት ነበር። የመስኩ አልጋ ነው ያስያዘው። ስለ እከክ ይሄን ሁሉ ሰው ያስተማረ ሰው ሐኪም ቤት ሄዶ ያዘኝ ማለት አፈረ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላል ያገሬ ሰው። እሱ ግን መድኃኒት የሚሰጠው ሰው አገኘ፤ በዚያው አልጋ አብሮት አድሮ አብሮት የተያዘ ሰው።» ወደ ረዳቱ ዞረች። «ሌሊት እንቅልፍ እንደሚያጡ ለኔ የነገርከኝ አንተ ነህ። እህታቸው እንደ ድንጋይ ይተኛል ብለውኛል። ሚስታቸውም አላወቀችም። እከክ ሌሊት እንደሚብስ የሚያውቀው የሚያከው ነው።»

«እከክ መያዝ ወንጀል አይደለም» አለ ረዳቱ።

«አይደለም። የድኝ ቅባቱን መጀመሪያ ስትሠራ ደህና አድርገህ ሠራኸው፣ አንተም ዳንክበት። ሁለተኛው ብልቃጥ ላይ መዥገር ማጥፊያውን ደባለቅክበት። የድኝ ሽታ ሸፈነልህ። አንተን ስለሚያምኑህም ደግመው አላሸተቱትም። ጠዋት ስትጠራ ጓንትህን አድርገህ መጣህ፤ አንሶላውንና ብልቃጡን ወሰድክ። ካናቴራው ግን እማማ እጅ ነበር። ከሐዘንተኛ እጅ ካናቴራ አይነጠቅም። ስለዚህ እማማን ለመርዙ ትተህ ሄድክ። እያየሃቸው።»

አሮጊቷ ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«ይሄ ሁሉ ግምት ነው። ማንም ሊቀላቅለው ይችላል» አለ ረዳቱ።

«ቅድም ካናቴራውን ሳስይዛችሁ መርዙ ልብስ ላይ እንዳለ ለማንም አልተናገርኩም ነበር። የሚያውቀው ሐኪሙ፣ እኔና ገዳዩ ነበርን። ካናቴራውን ሦስት ሰው አቀፈው፣ አንተ ሸሸህ።»

የረዳቱ ፊት ያን ጊዜ ተቀየረ። የሐዘኑ ትዕግሥት ወልቆ ወደቀና ከሥሩ የነበረው ወጣ። «ለአንዲት ተማሪ ብለው!» አለ። «እኔን፣ ያሳደጉኝን ሰው፣ ለአንዲት ተማሪ ወሬ ብለው ሊያዋርዱኝ!»

«ስለ ተማሪ ማን አነሳ?» አለች ወንፊት።

ረዳቱ ዓይኑን ወደ በሩ ወረወረ።

«ልጅቷ ነግራኛለች። ውጤቷን ይዘህ ምን እንደጠየቅካት ከነቃሉ። እሱም ሰምቶ መጀመሪያ አንተ ጋ መጣ። ራሱ ይናገር ብሎ ቀን ሰጠህ። ሊያሳፍርህ ሳይሆን እንድትድን። አንተ ደግሞ በሰጠህ ቀን ቅባት በጠበጥክለት። እኔ ብዙ ገዳይ አይቻለሁ፤ ደግነትን እንዲህ አድርጎ የከፈለ ግን አላየሁም። ውሰደው፣ አዛዥ። በዚያው ካቴና።»

አዛዡ ካቴናውን ከሚስቲቱ እጅ ሲፈታ ቁልፉ ሁለት ጊዜ ወደቀበት። ረዳቱ ሲወጣ ማንም አላየውም።

ሚስቲቱ የእጅ አንጓዋን እያሻሸች ቆማ ነበር። ቁጣዋ የመጣው ያን ጊዜ ነው።

«እከክ?» አለች። «ለእከክ ብሎ ነው ከአልጋዬ የወጣው?»

«እንዳያስይዝሽ ብሎ ነው» አለች ወንፊት።

«ቢይዘኝስ? ቢይዘኝ ምን ነበረበት? አብረን ባከክን ነበር!» ድምፏ ተሰበረ፣ ቀጠለች እንጂ አላቆመችም። «ስንት ሌሊት ሌላ ሴት አለችው እያልኩ ግድግዳውን አዳምጬ አደርኩ። እሱ ከግድግዳው ማዶ ጀርባው አልደርስ ብሎት... አንድ ቃል ቢነግረኝ እኔ አላክለትም? እኔ አልቀባለትም?»

መጋዘን ጠባቂው ወደ መስኮቱ ዞረ።

አሮጊቷ ከወንበራቸው ተነሡ። «ልጄ፣ እኔ በሰው ፊት...» ብለው ጀመሩ።

«እማማ» አለች ወንፊት፣ «ዓይንዎን አይታ ሐኪም ቤት ያስወሰደችዎት እሷ ናት። በካቴና እንደታሰረች።»

አሮጊቷ አፋቸውን ያዙ። «ይቅር በይኝ» አሉ።

«ዛሬ አይሆንም፣ እትዬ» አለች ሚስቲቱ። «ዛሬ ተቆጥቻለሁ። በርስዎም፣ በሱም።»

ካናቴራውን ከጠረጴዛው አንስታ ወደ ወንፊት ዞረች። «ይሄ ንጹሕ ነው አልሽ?»

«ንጹሕ ነው።»

«እንግዲያው ሲቀበር ይሄን ነው የሚለብሰው። የማለብሰውም እኔ ነኝ።»

እጅጌው ላይ የተጨማደደውን በመዳፏ አስተካክላ በጥንቃቄ አጠፈችውና ቀድማ ወጣች። አሮጊቷ ጥቂት ጠብቀው፣ ጥቂት ራቅ ብለው፣ ተከተሏት።